የልምምድ ጥያቄው መልስ ራሱ ሲሳሳት ምን ታደርጋላችሁ? (ኤፍ ኢ ሲቪል፣ አዳማ)

የፍራንኮ_ሲቪል | ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለቤቱ። አዳማ ነኝ። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ሳይት ላይ አራት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ አሜሪካ ናት፤ የእኔም ፕሮሰስ እየተጠናቀቀ ነው። እዚያ ደርሼ በሙያዬ ልሥራ ካልኩ የፈቃዱ መንገድ በኤፍ ኢ ይጀምራል። ለማታውቁት፣ የአሜሪካ የመሐንዲሶች የመጀመሪያ ፈተና ነው፤ 110 ጥያቄ፣ በኮምፒውተር። ለመሥሪያ የሚሰጠው 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። እሱ ሲታለፍና የሥራ ልምድ ሲሟላ ነው ፒ ኢ የሚባለው ዋናው የሚመጣው።

ከሳይት መልስ ማታ ማታ እየቸከልኩ ነው። የምሠራው ከቴሌግራም ያወረድኩትን ፒዲኤፍ ነው። ሽፋን የለውም፣ አዘጋጁ አይታወቅም። ገጾቹ በስልክ ፎቶ ተነስተው የተለጠፉ ይመስላሉ። መልሱ፣ ኪ የምንለው፣ መጨረሻ ላይ ተደርድሯል፤ አሠራር የሚባል ነገር የለም።

ትናንት አንድ ጥያቄ ላይ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቆየሁ። የእኔና የኪው መልስ አልገጥም አለ። መጀመሪያ ራሴን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ካልኩሌተሩን። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝን ሰዎች በሙሉ። ጠዋት ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ዓይንህ ምን ሆነ?» አለኝ።

እስካሁን ያልተስማማንባቸው አራት ናቸው።

ጥያቄ 38፦ ስፓኑ 6 ሜትር የሆነ ቢም በሜትር 20 ኪሎኒውተን ዩኒፎርም ሎድ ተሸክሟል። ከፍተኛው ሞመንት (ቢሙን የሚያጎብጠው ጉልበት)? እኔ 90 ኪሎኒውተን ሜትር። ኪው 60።

ጥያቄ 52፦ ፓምፕ በሰከንድ 2 ኪዩቢክ ጫማ ውሃ 50 ጫማ ከፍታ ላይ ያወጣል። ብክነት አይታሰብ። ስንት የፈረስ ጉልበት? እኔ 365። ኪው 11.3።

ጥያቄ 71፦ ፖሮሲቲው 0.40 የሆነ አፈር ቮይድ ሬሾው ስንት ነው? እኔ 0.67። ኪው 0.29።

ጥያቄ 94፦ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን? እኔ በሊትር 1.5 ሚሊግራም። ኪው 4። የአዳማን ልጅ ስለ ፍሎራይድ ሊያስተምሩት ነው?

ይሄን ፒዲኤፍ ልጣለው ወይስ ልቀጥል? አራት ስህተት ካየሁ ያላየሁት ስንት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

---

ወለንጪቲ_25 | ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

ብሮ ነገር አታክብድ። ኪው ያለውን ሸምድድና እለፍ። ፈተናው ላይ ያው ጥያቄ ቢመጣ ያው መልስ ነው።

---

ጂሲ_ከሐዋሳ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

@ወለንጪቲ_25 እባክህ ይሄን ምክር ለሌላ ሰው አትስጥ። ያው ጥያቄ አይመጣም። የሚመጣው ዘመዱ ነው።

እኔ ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ ኤፍ ኢ አላውቅም። ችግሩ ግን አንድ ነው። እኛ ጋ የሚዞረው ወርክሺት ግማሹ በድሮው የሕንፃ ኮድ በኢቢሲኤስ፣ ግማሹ በአዲሱ በኢኤስ ኢኤን ነው። የድሮው እ.ኤ.አ. የ1995፣ አዲሱ የ2015 ነው። ማን የትኛውን እንደተጠቀመ አይጻፍም።

በአንድ ጥያቄ ዶርሙ ሙሉ ተጣልቷል። ዴድ ሎድ (የሕንፃው የራሱ ክብደት) 20፣ ላይቭ ሎድ (የሰውና የዕቃው) 10፣ የዲዛይን ሎዱ ስንት? በድሮው ዴዱ በ1.3፣ ላይቩ በ1.6 ይባዛል፤ 26 ሲደመር 16፣ 42። በአዲሱ 1.35 እና 1.5 ነው፤ 27 ሲደመር 15፣ እሱም 42! «አያችሁ፣ ለውጥ የለውም» ብለን ተስማምተን ተኛን። በማግስቱ ሁለቱም 10 የሆኑበት ጥያቄ መጣ። በድሮው 29፣ በአዲሱ 28.5። ሁለቱም ምርጫ ውስጥ አሉ። ጭቅጭቁ እንደገና ጀመረ።

በኋላ ነው የገባኝ። ዴዱ የላይቩ እጥፍ ሲሆን ብቻ ነው ሁለቱ ኮዶች የሚገናኙት። ያን ጥያቄ ያወጣው ሰው ዕድለኛ ነበር።

ስለዚህ አሁን «ኪው ተሳስቷል» ከማለቴ በፊት «በየትኛው ኮድ?» እላለሁ። ሲ 25 ኮንክሪት እንኳን በድሮው ስያሜ የኪዩብ ጥንካሬው ነው፤ ለሒሳቡ የሚገባው የሲሊንደሩ 20 ነው። አዲሱ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ 20 በ25 ብሎ ይጽፈዋል። ይሄን ሳላውቅ ስንት ኪ ረገምኩ መሰላችሁ።

---

ጋሽ_ቲዎዶላይት | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡15

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ከቡና በፊት ሌላ ሥራ የለኝም።

የፍራንኮው ልጄ፣ አራቱንም ሠራኋቸው። መልሱን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኪው 60 ሲልህ፣ 60 ከየት እንደመጣ ፈልገሃል? አንተ 90 ማውጣትህን አምስት ጊዜ እንዳረጋገጥክ አልጠራጠርም። ያ አምስት ጊዜ ራስህን መስማት ነው። የተሳሳተ ቁጥርም አባት አለው። አባቱን ስታገኝ ማን እንደተሳሳተ ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ 52ን እንየው። የውሃ ክብደት በኪዩቢክ ጫማ 62.4 ፓውንድ ነው። በ2 በ50 ሲባዛ 6240። አንድ የፈረስ ጉልበት በሰከንድ 550 ፉት ፓውንድ ነው። ስታካፍለው 11.3። ኪው ትክክል ነው። አሁን የአንተን 365 አባት ልፈልግልህ፦ 11.3ን በ32.2 አባዛው። አገኘኸው? 62.4 ክብደት መሆኑን ረስተህ ማስ (መጠነ ቁስ) አድርገኸው በግራቪቲ አባዝተሃል። የእኛ ልጆች በኪሎግራም ስላደጉ 9.81 ያላባዙበት ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ካላመንከኝ በሜትር ሥራው። በሰከንድ 57 ሊትር ገደማ ውሃ፣ 15 ሜትር ከ24 ሳንቲም ከፍታ። 8.47 ኪሎዋት ይመጣል። ወደ ፈረስ ስትቀይረው 11.3። በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው መድረስ ከሁሉ የተሻለ ማረጋገጫ ነው።

ጥያቄ 71 ላይ አንተ ትክክል ነህ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ቡናው ደርሷል።

---

ንፋስ_ተርባይን | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

365 ፈረስ ለአንድ ፓምፕ! ድሮ ናዝሬት የነበረውን ጋሪ በሙሉ ፈትተህ ብታመጣም አይሞላም።

ሜካኒካል ነኝ፣ ቀልዴን ግን በቁም ነገር ውሰደው። 365 ፈረስ ማለት 272 ኪሎዋት ነው። ከተማችን ጫፍ ላይ የሚሽከረከሩት ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው። የአንድ ተርባይን አንድ አምስተኛ ገደማ ሙሉ ጉልበት ውሃን አምስት ፎቅ ለማውጣት? መልሱን ስታይ አንድ ነገር ሊከነክንህ ይገባ ነበር።

---

የፍራንኮ_ሲቪል | ሐሙስ፣ ቀን 6፡50

ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያየሁት። ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ደብተሬን ከፍቼ አየሁ፤ 32.2 ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች። የሚገርመው ሦስት ጊዜ ደግሜ ስሠራ ሦስቱንም ጊዜ አባዝቻታለሁ።

ጋሪውን ለፎርማኑ ነገርኩት። አሁን «ኢንጂነር ጋሪ» እየተባልኩ ነው። @ንፋስ_ተርባይን እግዜር ይስጥህ።

---

ቨርጂኒያ_ያለችው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡10

የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ኤፍ ኢ ሲቪልን አልፌ አሁን ለፒ ኢ እየተዘጋጀሁ ነው። ቶሎ ልጻፍልህ።

ፍሎራይዱ ላይ ወንድሜ ተሳስተሃል፣ ግን በሚያምር መንገድ ነው የተሳሳትከው። 1.5 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገዳጅ ጣሪያ በሊትር 4 ሚሊግራም ነው። እኔም እዚህ ስመጣ ደንግጫለሁ። እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርሳችን ላይ ተጽፎ ያደግነውን ነገር እነሱ እንዴት 4 ይላሉ ብዬ ነበር። ፈተናው ግን የእነሱ ነው። አገርህ ስታስተምር ወይም ጉድጓድ ስታስቆፍር 1.5 በል። እዚያ ስትቀመጥ ግን የማን ሕግ እንደተጠየቀ አንብብ። ጥያቄው «በአሜሪካ ሕግ» የሚል ቃል ከሌለው ግን የጥያቄውም ጥፋት ነው። እሱን እዘንለት።

አሁን ስለ ፒዲኤፉ። አትጣለው፣ ግን ዳኛ አታድርገው። ዳኛህ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤን ሲ ኢ ኢ ኤስ የሚያወጣው የማጣቀሻ መጽሐፍ ነው። ድረ ገጹ ላይ አካውንት ስትከፍት በነፃ ታወርደዋለህ። ፈተናው ላይም ስክሪኑ ላይ የሚከፈትልህ እሱ ነው። የአንተና የኪው መልስ ሲጣላ መጽሐፉን ክፈትና ፎርሙላውን እዚያ ፈልግ። ስህተቱን ባታገኝ እንኳን መጽሐፉ ውስጥ መፈለግን ተለማመድክ፤ ያ ራሱ ግማሽ ፈተና ነው።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። በሆነ የልምምድ ስብስብ ላይ አብሶሉት ፕረሸር (የከባቢ አየሩም የሚደመርበት ጠቅላላ ግፊት) የሚጠይቅ ነበር። ኪው የከባቢ አየሩን ግፊት አልደመረም። እኔ ደምሬያለሁ። «እነሱ ከእኔ ያውቃሉ» ብዬ ደብተሬ ላይ «አብሶሉት ሲባል አትደምሪ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። በቀይ! ከዚያ በኋላ በመጡት ሦስት ጥያቄዎች ሦስቱንም ሳትኩ። ያን ቀይ መስመር ከጭንቅላቴ ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ የተሳሳተ ኪ አንድ ነጥብ ቢያስጥልህ ቀላል ነው። ደህና የነበረውን ነገርህን ሲያበላሽብህ ነው ችግሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ትናንት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያልከው አይደገም። ፈተናው ላይ ለአንድ ጥያቄ 3 ደቂቃ እንኳን አይደርስህም። እኔ 15 ደቂቃ ነበር የምሰጠው። ካልተፈታ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው። ፈተናው ላይም እንደዚሁ ነው፦ ግራ ያጋባህን ምልክት አድርገህ እለፍ፣ ስትመለስ ካልሆነልህ ገምተህ ሙላ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ደግሞ ውስጡ ለሙከራ የገቡ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎች አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ አይነግሩህም። የጨነቀህ ጥያቄ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል ብለህ ተጽናና።

---

ጋሽ_ቲዎዶላይት | ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ልጄ ቨርጂኒያ፣ ቀይ መስመርሽን ወደድኩት። በ15 ደቂቃው ግን አልስማማም። ለፈተና ከሆነ እሺ። ለመማር ከሆነ ግን እኔ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር ቅር አይለኝም። እዚያ ሌሊት ላይ ያገኘው ነገር አይጠፋም።

---

ቨርጂኒያ_ያለችው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡58

ጋሼ፣ እርስዎ ጠዋት ቡና አለዎት። እሱ ጠዋት ኮንክሪት ያስሞላል።

---

ጋሽ_ቲዎዶላይት | ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

እሱስ ልክ ነሽ። ኮንክሪት የሚያስሞላ ሰው ይተኛ።

ወደ ጥያቄ 71 ልመለስ። ፖሮሲቲ ባዶው ቦታ ለጠቅላላው መጠን ሲካፈል ነው። ቮይድ ሬሾ ባዶው ቦታ ለጠጣሩ ብቻ ሲካፈል። ጠጣሩ ከጠቅላላው ያንሳል። ስለዚህ ቮይድ ሬሾ ሁልጊዜ ከፖሮሲቲ ይበልጣል። 0.40 ተሰጥቶህ 0.29 የሚል መልስ፣ ካልኩሌተር ሳይነካ የተሳሳተ ነው። 0.40ን ለ0.60 ስታካፍል የአንተ 0.67 ይመጣል።

0.29 ከየት መጣ? 0.40ን ለ1.40 አካፍል። ይሄ እኮ ቮይድ ሬሾ ተሰጥቶ ፖሮሲቲ ሲጠየቅ የሚሠራ ነው። አንድ ሰው ጥያቄውን ገልብጦ አዲስ አስመስሎታል፣ መልሱን ግን መገልበጥ ረስቷል። ጥያቄ የሚያባዙ ሰዎች የተለመደ ጥፋት ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሚድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት ሰላም አላሉኝም።

38 ላይ ደግሞ 20 በ6 በ6፣ 720 ነው። በ8 ስታካፍል 90፤ ይሄ ሲምፕሊ ሰፖርትድ፣ ጫፎቹ ድጋፍ ላይ ዝም ብለው ለተቀመጡ ቢም ነው። በ12 ስታካፍል 60። ኪውን የሠራው ሰው ሁለት ጫፉ ፊክስድ፣ ማለትም እንዳይዞር ተይዞ የታሰረ ቢም ነው ያሰበው። ጥያቄው ሥዕል የለውም ወይ?

---

የፍራንኮ_ሲቪል | ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ሥዕል የለውም ጋሼ። ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። «ቢም» ይላል፣ ስለ ሰፖርቱ ምንም አይልም።

---

ወለንጪቲ_25 | ሐሙስ፣ ማታ 3፡24

ካልተነገረ ሲምፕሊ ሰፖርትድ ነው በቃ። ኪው ስህተት።

---

ንፋስ_ተርባይን | ሐሙስ፣ ማታ 3፡31

እኔም በ90 ነኝ። ፊክስድ ቢሆን ይናገር ነበር።

---

ጂሲ_ከሐዋሳ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡33

90። አንድ ድምፅ ከሐዋሳ።

---

ጋሽ_ቲዎዶላይት | ሐሙስ፣ ማታ 3፡50

ሞመንት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። 60 በጣም የጠራ ቁጥር ነው። የ71 ዓይነት ጥፋት አይመስለኝም። ይቆይ እላለሁ።

---

የፍራንኮ_ሲቪል | ቅዳሜ፣ ቀን 9፡10

ሰላም ቤቱ። እንደመከራችሁኝ ፒዲኤፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሄድኩበት። ያልተስማማሁባቸው አሁን 11 ደርሰዋል። ለእያንዳንዱ ሁለት ዓምድ ሠራሁ፦ የእኔ ቁጥር እንዴት መጣ፣ የኪው ቁጥር እንዴት መጣ።

ከ11ዱ ሰባቱ የእኔ ናቸው። ያሳፍራል ግን እውነት ነው። ሦስቱ ፓውንድና ጫማ ናቸው። አንዱ ካልኩሌተሬ ራዲያን ላይ ቆይቶ ነው፤ ሳይን 30 ሲሉት ነጌቲቭ 0.988 ሲል ዝም ብዬ ጽፌዋለሁ። አንዱ ፍሎራይዱ። ሁለቱ ጥያቄውን ሳልጨርስ መልስ የሰጠሁባቸው ናቸው፤ «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን «የሚሆነው» ብዬ አንብቤ።

ሦስቱ በእርግጠኝነት የኪው ናቸው። 71 አንዱ ነው። ሌላው 12 ፐርሰንት ወለድ በየወሩ እየታሰበ የዓመቱ ትክክለኛ መጠን ስንት ነው ይልና መልሱን ያው 12 ያደርገዋል። 12.68 ነው መሆን ያለበት። ሦስተኛው ምርጫው ውስጥ ትክክለኛው መልስ ጭራሽ የለም።

አንዱ 38 ነው። ድምፅ ስለተሰጠበት ከኪው ስህተቶች ጋር ደመርኩት። ጋሼ እንዳይቆጡኝ።

አራቱን በንጹህ ጽፌ ከነአሠራሩ ፒዲኤፉ በሚዞርባቸው ሦስት የቴሌግራም ግሩፖች ለጠፍኩ። ሌላው ሰው እንደ እኔ ሌሊት እንዳያድር ብዬ ነው። አንደኛው ግሩፕ ውስጥ ፒን ተደርጓል!

---

ቨርጂኒያ_ያለችው | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡00

ሁለት ዓምዱ በጣም ቆንጆ ነው። እነዚያን ሰባቱን ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ብቻቸውን ደግመህ አንብባቸው። ሌላ ምንም ባታነብ።

ካልኩሌተርህንም አሁኑኑ አረጋግጥ። የተፈቀዱት የተወሰኑ ሞዴሎች ናቸው፤ ከካሲዮ ኤፍኤክስ 115 እና 991 ይገባሉ። ሌላ ይዘህ ብትሄድ በር ላይ ነው የሚቀረው።

---

ሶደሬ_መንገድ | እሑድ፣ ጠዋት 4፡20

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ይቅርታ። ይሄ ፒዲኤፍ እኔ ጋ በወረቀት አለ። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የገዛሁት፤ ከቴሌግራሙ በፊት የነበረው መሰለኝ፣ ገጹ ሙሉ ነው።

38 ሥዕል አለው። ጥያቄው ገጹ ግርጌ ላይ ነው፣ ሥዕሉ የሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ። ቴሌግራሙ ላይ ያለውን አየሁት፤ ፎቶ ያነሳው ሰው የዚያን ገጽ አናት ቆርጦታል። ሥዕሉ ላይ ቢሙ በሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል፤ ግድግዳው በሰያፍ መስመር ተሞልቷል። ፊክስድ ነው። 60 ትክክል ነው።

---

የፍራንኮ_ሲቪል | እሑድ፣ ጠዋት 4፡45

ወይኔ።

---

ንፋስ_ተርባይን | እሑድ፣ ጠዋት 4፡47

እኔ አልነበርኩም።

---

የፍራንኮ_ሲቪል | እሑድ፣ ጠዋት 5፡30

በሁለቱ ግሩፖች አርሜዋለሁ፣ የሥዕሉን ፎቶም ከሶደሬ ተቀብዬ አያይዣለሁ። ሦስተኛው፣ ያ ፒን ያደረገው፣ አድሚኑ ቻት ዘግቷል።  በውስጥ ጽፌለታለሁ፣ አልከፈተውም።

ጋሼ፣ «አላልኩህም?» ይበሉኝ፣ ይገባኛል።

---

ጋሽ_ቲዎዶላይት | እሑድ፣ ጠዋት 5፡52

አላልኩህም። ሥዕል የለውም ወይ ብዬ ጠየቅኩህ እንጂ። የሌለ ሥዕል እንዴት ታያለህ ልጄ።

---

ጂሲ_ከሐዋሳ | እሑድ፣ ቀን 6፡15

ያ ሦስተኛው ግሩፕ ውስጥ እኔም አለሁ። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ልጅ «38 እኮ 60 ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። አንተ የለጠፍከውን እየጠቀሱ ሲሳለቁበት ወጥቶ ሄደ።

---

የፍራንኮ_ሲቪል | እሑድ፣ ቀን 6፡18

የልጁን አካውንት ላኪልኝ እስቲ። በውስጥ ልጻፍለት።